«ይግቡ» ወይስ «ግቢ»፦ የአንድ አጭር ልብ ወለድ የሥራ ማስታወሻ

ኅዳር 4

አዲስ ታሪክ ጀመርኩ። በዚህኛው ላይ የሥራውን ሂደት ከመጀመሪያው ቀን አንስቼ እየመዘገብኩ መሄድ ፈልጌያለሁ። ልብ ወለድ ስናነብ የምናየው የቀረውን ነው። የተጣለውን ማንም አያይም። እኔ ግን መጻፍ የተማርኩት ከጣልኩት ነው።

ታሪኩ ይህ ነው። ደብሪቱ በ12 ዓመቷ ከገጠር መጥታ ጉለሌ፣ እትዬ አስካለ ቤት ሠራተኛ ሆና ገባች። ሰባት ዓመት ሠርታ ቤይሩት ሄደች። ከ19 ዓመት በኋላ ተመልሳ የድሮ አሠሪዋን ልትጠይቅ ትመጣለች። እትዬ አስካለ አርጅተዋል። የቀበሌው ቤት ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ገብተዋል። እንጀራ እየጋገሩ ይሸጣሉ። ደብሪቱ በር ታንኳኳለች። ሌላ የሚፈጠር ነገር የለም።

ከመጀመሪያው የማውቀው አንድ ነገር ነው። እትዬ አስካለ በሩን ሲከፍቱ አያውቋትም። ደህና አድርጋ የለበሰች ሴት ቆማለች። «ይግቡ» ይሏታል። ከዚያ ያውቋታል። ካወቋት በኋላ ከአፋቸው የሚወጣውን የመጀመሪያ ቃል ግን አላውቀውም። የምጽፈው እሱን ቃል ፍለጋ ነው።

ኅዳር 9

የመጀመሪያው ረቂቅ አለቀ። በእጅ ጽሑፍ 11 ገጽ። ዛሬ ሳነበው ታሪኩ የሚጀምረው ገጽ 4 ላይ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ስለ መንደሯ፣ ስለ አውቶቡሱ፣ ስለ ጠዋቱ ጭጋግ ነው። ጭጋጉን ወድጄው ነበር። ግን አንባቢው ገና ያላወቃት ልጅ በየትኛው መንገድ መጣች ብሎ ምን ያስጨንቀዋል? ሦስቱንም ገጽ አወጣኋቸው። ያተረፍኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ደብሪቱ የገባች ቀን እትዬ አስካለን «አንቱ» ስትላቸው የቤቱ ልጆች ሳቁባት። በማግስቱ «እርስዎ» ማለት ተማረች። እዚያ ውስጥ መንደሯም አለ፣ መንገዱም አለ፣ ቤቱም አለ።

ኅዳር 12

ዛሬ ሙሉ ቀን አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ዋልኩ። እንዲህ ይል ነበር፦

«ደብሪቱ ደረጃውን ወጥታ፣ የቤቱን ቁጥር አይታ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ እጇን አንስታ፣ ጥቂት ቆማ በሩን አንኳኳች።»

ሰዋስዉ ልክ ነው። አማርኛ እንዲህ «ወጥታ፣ አይታ፣ ቆማ» እያለ ድርጊት እንደ ጨሌ መሰካት ይወዳል። ሲነገር ያምራል። ችግሩ በሰንሰለቱ ውስጥ ያለው ሁሉ እኩል ክብደት መያዙ ነው። ነጠላ ማስተካከልና በር ላይ ቆሞ ማመንታት አንድ ዓይነት ነገር ሆኑ። አንባቢው የመጨረሻው ግሥ እስኪመጣ እየሮጠ ያልፋቸዋል።

ሰንሰለቱን በጠስኩት፦

«ደብሪቱ ደረጃውን ወጥታ ቁጥሩን አየች። እጇን አነሳች። መልሳ አወረደችው። የወርቅ ሐብሏን ወደ ሸሚዟ ውስጥ አስገባች። ከዚያ አንኳኳች።»

ሐብሉ የመጣው ስበጥሰው ነው። መጀመሪያ አልነበረም። እጇን መልሳ ስታወርድ «ለምን አወረደችው?» ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። መልሱ ሐብሉ ሆነ። ለዚህ ነው ልብ ወለድ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ረጅም የ«ወጥታ ገብታ» ሰንሰለት ሲያገኝ እንዲያቆም የምመክረው። ለተራው ድርጊት ሰንሰለቱ ይበቃል። «ወጥታ» ውስጥ ያለው ደረጃ እዚያው ይቅር። የሚያመው ድርጊት ግን ብቻውን ይቁም።

ኅዳር 20

እንጀራ ሲጋገር ዕድሜዬን ሙሉ አይቻለሁ። አጠገቡ ቆሜ ግን አላውቅም። ታሪኩ ውስጥ ያለው የጋገራ ትዕይንት ባዶ የሆነው ለዚህ ነው። «እንጀራ እየጋገሩ አወሩ» ብዬ አልፌዋለሁ። ዛሬ ጎረቤቴን እማማን ለመንኳቸው። ሁለት ሰዓት ያህል ምጣዳቸው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ደብተሬን ይዤ ስለነበር መጀመሪያ ትንሽ ደንግጠው ነበር። በኋላ ረሱኝ።

ያየሁትን ልጻፍ። ኤሌክትሪኩ ሲለኮስ የኩሽናው አምፖል ፈዘዝ አለ። ምጣዱን በማሰሻ ጠረጉት። ሊጡን ከዳር ጀምረው እየዞሩ ወደ መሃል አፈሰሱት፤ እጃቸው አንዴም አልቆመም። ዓይን ማውጣት ሲጀምር አክንባሎውን ከደኑት። እንፋሎቱ በጠርዙ በኩል ወጣ። ሲከፍቱት ጠርዙ ራሱ ተነስቶ ይጠብቃቸዋል። ሰፌዱን ከሥሩ አስገብተው ወሰዱት። የመጀመሪያውን ለብቻው አስቀመጡት። «ይኼ ማሟሻ ነው ልጄ፣ ምጣዱን ማለማመጃ» አሉኝ። የጣልኳቸውን ሦስት ገጾች አሰብኩ።

ዋናው ግኝቴ ግን ሌላ ነው። እማማ የሚያወሩት አክንባሎው ሲከደን ብቻ ነው። ሊጥ ሲያፈስሱ ዝም ይላሉ። ሲያወጡ ዝም ይላሉ። በስልኬ ያዝኩት፤ ክዳኑ ላይ የሚቆየው ሁለት ደቂቃ ግድም ነው። በዚያ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ስለ ሟች ባለቤታቸው ይጀምሩልኛል። «ያኔ እኮ እሱ... ቆይማ» ይሉና ይነሳሉ። እንጀራው ይወጣል፣ አዲስ ሊጥ ይፈስሳል፣ ክዳኑ ይከደናል። ሲመለሱ ወሬው ካቆመበት አይቀጥልም። ወይ አንድ ደረጃ ጠልቆ ይመጣል፣ ወይ ወደ ሌላ ነገር ይሸሻል።

ለእኔ ይህ ወርቅ ነው። የሁለቱን ሴቶች ንግግር የሚቆራርጥልኝ ነገር ፍለጋ ስንት ቀን ለፋሁ! «ጥቂት ዝም ካለች በኋላ»፣ «በረጅሙ ተንፍሳ» የሚሉ መሙያዎች ረቂቁን ሞልተውታል። አሁን ዝምታውን ምጣዱ ያመጣልኛል። ሰው በታሪክ ውስጥ ሲያወራ እጁ ምን እየሠራ እንደሆነ እወቁ። ሥራው የራሱ ጊዜ አለው። ንግግሩን በዚያ ጊዜ ቁረጡት።

ኅዳር 22

የጋገራውን ትዕይንት እንደ አዲስ ጻፍኩት። አምስት እንጀራ፣ አምስት ክዳን። «በረጅሙ ተንፍሳ» አንድም አልቀረም።

ታኅሣሥ 2

ትልቁ ችግር ዛሬ ወጣ። ሁለቱም ሴቶች ናቸው። «አለቻት» ስል ማን ማንን እንዳለች አይታወቅም። ስም እየደጋገምኩ ልለያቸው ብሞክር፣ «ደብሪቱ አለቻት፣ አስካለ አለቻት» የፍርድ ቤት ቃል መሰለ።

ወንድና ሴት ቢሆኑ ግሡ ራሱ ይለያቸው ነበር። ሁለት ሴቶች ሲሆኑ አንድ መንገድ አለ፦ አክብሮት። እትዬ አስካለን ተራኪው «እሳቸው» ካላቸው «አሏት» የእሳቸው ነው፣ «አለቻቸው» የደብሪቱ ነው። ስም ሳይነሳ ሁለት ገጽ መሄድ ይቻላል። በቀይ እስክሪብቶ አንድ በአንድ ስለውጥ አመሸሁ።

ግን ይህ የመለያ ዘዴ ብቻ አይደለም። ተራኪው «አሉ» ባለ ቁጥር ቦታ እየያዘ ነው። እትዬ አስካለን ከታች ወደ ላይ እያየ ነው። ማለትም በደብሪቱ ዓይን እያየ ነው። ስለ ንጉሥ፣ ስለ አባት፣ ስለ ለማኝ ስንጽፍ «አሉ» ነው «አለ» የምንለው? ብዙ ጊዜ ሳናስብ እናደርገዋለን። ሳናስብ ያደረግነው ግን አንባቢውን የሆነ ቦታ አስቀምጦታል።

የሚቀጥለውንም ሞከርኩ። ደብሪቱ ከቤይሩት ስትመለስ ተራኪው አሮጊቷንም «አለች» ቢላቸውስ? እኩል ሆኑ ማለት ነው። ጥሩ ሐሳብ መስሎኝ ነበር። ሦስት ገጽ ጽፌ ሳነበው ሰውነቴ ተሸማቀቀ። አሮጊቷን ተራኪው የሰደባቸው ያህል ተሰማኝ። ደብሪቱ ከአሠሪዋ ጋር እኩል የሆነች አልመሰለችም። ደግሞም እሷ እንደዚያ አታስብም። ስንት ዓመት ቢያልፍ፣ ስንት ወርቅ ብታጠልቅ፣ በልቧ «እትዬ» ናቸው። ተራኪው የእሷ ከሆነ እስከ መጨረሻው «አሉ» ይበል። ሁሉንም መለስኩት።

ታኅሣሥ 3

የትናንቱ መፍትሔ አዲስ ችግር ወልዷል። «ተነስተው ወደ ጓዳ ገቡ» የሚል ዓረፍተ ነገር አለኝ። ማን ገባ? እትዬ አስካለ ብቻቸውን ወይስ ሁለቱም? አማርኛ አንድን ትልቅ ሰውና ብዙ ሰዎችን በአንድ ግሥ ነው የሚጠራው። ትዕይንቱ ላይ ደብሪቱ ሳሎን ብቻዋን ቀርታ ግድግዳው ላይ ያሉትን ፎቶዎች ማየት አለባት። አንባቢው ግን አብራ ጓዳ የገባች ሊመስለው ይችላል።

«እሳቸው» ብጨምር ከበደ። መጨረሻ ላይ ያስተካከልኩት ከደብሪቱ ጎን ነው፦ «ተነስተው ወደ ጓዳ ገቡ። ደብሪቱ ካለችበት አልተነቃነቀችም።» ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር የመጀመሪያውን ወደ ኋላ ተመልሶ ያጠራዋል። ከ«ገቡ»፣ «ተቀመጡ»፣ «ሳቁ» ጋር የምትሠሩ ካላችሁ በዚህ መንገድ ፈትሹት። ሦስት ሌላ ቦታ ላይ ይኸው ስህተት ነበረብኝ።

ታኅሣሥ 11

ታላቅ እህቴ ጮክ ብላ አነበበችልኝ። እኔ ዝም ብዬ እሰማለሁ። ራሴ ሳነብ ድምፄ የማውቀውን እየሞላ ያልፋል። ሌላ ሰው ሲያነብ ግን የተጻፈው ብቻ ነው የሚሰማው። በተለይ አማርኛ ሲጻፍ ጠብቆ የሚነበበውን ከሚላላው አይለይም።

ገጽ 5 ላይ ቆመች። እንዲህ ይላል፦

«እናትሽስ?» አሏት።
«አለች» አለች።

ሁለቴ ሞከረችው። ሁለቴም ተሳሳተች። የመጀመሪያው ጠብቆ «በሕይወት አለች» ነው፣ ሁለተኛው ላልቶ የመናገር «አለች» ነው። እኔ ስጽፈው ምንም አልታየኝም። ሁለተኛውን ሰረዝኩት። መልሱ «አለች» ብቻ ሆኖ ቀረ። ማን እንደተናገረ ግልጽ ነው። እንዲያውም ብቻውን ሲቆም ቆፍጠን አለ፤ ስለ እናቷ ብዙ ማውራት እንደማትፈልግ ያሳብቃል። ከዚያ በኋላ ረቂቁ ውስጥ ያሉትን «ስትል መለሰችላቸው» እና «ብለው ጠየቋት» አንድ በአንድ አየኋቸው። 64 ነበሩ። 22 ቀሩ።

ልታበቃ ስትል ሌላ ነገር አነሳች። «ቆይ፣ ቀኑን ረቡዕ ነው ብለሃል አይደል? ታዲያ በረቡዕ ዶሮ ወጥ ያቀርቡላታል እንዴ? ዘወትር የሚጾሙ ሴት ናቸው ብለህ?»

ደነገጥኩ። ልክ ናት። ወሩ ጥቅምት ነው፣ ረቡዕ ጾም ነው። ቀኑን ወደ ሐሙስ ለማዞር እስክሪብቶ አነሳሁ። ከዚያ ቆም አልኩ። ለምን ዶሮውን አላወጣውም? እትዬ አስካለ እንጀራ ሸጠው የሚያድሩ ሴት ናቸው። ድንገት ለመጣች እንግዳ ዶሮ ከየት ያመጣሉ? ሽሮ ነው ያላቸው። ጾሙ ደግሞ ክብራቸውን ይሸፍንላቸዋል። አሁን እንዲህ ሆኗል፦

«ጾም ሆነብን እንጂ» አሉ፣ ሽሮውን እያወጡ።

ደብሪቱ ታውቃለች። እሳቸውም እንደምታውቅ ያውቃሉ። ረቂቁ ውስጥ ከሁሉ የምወደው ዓረፍተ ነገር ይኼ ነው፣ የመጣውም ከስህተት ነው። እንዲህ ዓይነት ስህተት ስታገኙ ቶሎ አትጠግኑት። መጀመሪያ ታሪኩ ምን ሊነግራችሁ እንደሆነ ጠይቁት።

ታኅሣሥ 18

የቤይሩቱን ክፍል ቆረጥኩት። ሁለት ገጽ ተኩል ነበር። የዘመን ሰሌዳ በሌላ ወረቀት አውጥቻለሁ፦ በ1987 ጉለሌ ገባች፣ በ1994 ሄደች፣ በ2013 ተመለሰች። በመካከሉ ሐምሌ 28 ቀን 2012 የቤይሩት ወደብ ፈንድቷል። ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን ሠራተኞችን አምጥተው ቆንስላው በር ላይ ጥለዋቸው ሄደዋል። የመኖሪያ ፈቃዷን ከአሠሪዋ ጋር የሚያስረው ካፋላ የሚባለው ሥርዓት አለ። ይህን ሁሉ ጽፌው ነበር። እውነት ነው፣ ያማል፣ መጻፍም አለበት። ግን የራሱ ታሪክ ነው። እዚህ ሲገባ ሁለቱን ሴቶች ዋጣቸው። እትዬ አስካለ ገጾቹ ላይ ጠፉ።

መጣል አልቻልኩም፣ ማስቀረትም አልቻልኩም። ስለዚህ ጠየቅኩ፦ ያ የፍንዳታ ቀን ደብሪቱ ሰውነት ላይ ምን ትቶ አለፈ? መልሱ አንድ መስመር ሆነ። እትዬ አስካለ መስኮቱ ሥር ያለውን ሶፋ ሲያሳዩዋት፣ ደብሪቱ አልፋው ጓዳ በሩ አጠገብ ካለው በርጩማ ላይ ተቀመጠች። እትዬ አስካለ የድሮ ቦታዋን መረጠች ብለው አስበው ልባቸው ይነካል። አንባቢው ግን ቀደም ብሎ የመስታወቱን ጠባሳ ክንዷ ላይ አይቷል። አንድ በርጩማ ሁለት ትርጉም ያዘ። ሁለት ገጽ ተኩሉን ለብቻ ፋይል አድርጌ አስቀምጬዋለሁ። አንድ ቀን እመለስበታለሁ።

ጥር 3

ገና አለፈ። እኔ አሁንም ቃሉ ላይ ነኝ። እስካሁን የሞከርኳቸው እነዚህ ናቸው።

«ነይ ግቢ»። ካወቋት በኋላ ወደ «አንቺ» መውረድ። ፍቅር ሊሆን ይችላል፤ እናትም ልጇን «አንቺ» ነው የምትለው። ትዕዛዝም ሊሆን ይችላል፤ ሰባት ዓመት ሙሉ የጠሯት በዚያው ነው። ሁለት ትርጉም መያዙን እወዳለሁ። ግን ፈጠነ። አንዲት ሴት በአንድ ትንፋሽ ከ«እርስዎ» ወደ «አንቺ» ስትወርድ ምንም ያልተሰማት ትመስላለች።

«ይግቡ» ብለው እንደጀመሩ መቀጠል። ይህ ደግሞ ቀዝቃዛ ሆነ። እንደማያውቋት ሆነው የሚቀልዱ መሰሉ።

«ደብሪቱ!» አሠሪዋ በሌላ ስም ነበር የሚጠሯት፤ ቤቱ ሲገቡ ስማቸው የሚቀየርባቸው ስንት ልጆች አሉ። አሁን በእውነተኛ ስሟ ቢጠሯትስ? ጽፌው አለቀስኩ። በማግስቱ አወጣሁት። እትዬ አስካለ የማያውቁትን ይቅርታ እኔ አፋቸው ላይ አስቀመጥኩባቸው። የጸሐፊው ምኞት ነው፣ የእሳቸው ቃል አይደለም።

ጥር 10

ከተራ። ታቦታቱን ሸኝተን ጃን ሜዳ አጠገብ ቆመናል። ከፊቴ አንድ ሸምገል ያሉ ሰውዬና አንዲት የፖሊስ ልብስ የለበሰች ወጣት ሴት ተያዩ። ሰውዬው ያወቋት ይመስላል፣ ምናልባት ድሮ የሰፈር ልጅ ነበረች። አፋቸውን ከፈቱ። ቆሙ። ከዚያ፦

«እንዴት ነው? እንዴት ተከረመ?»

አሉ። «እንዴት ከረምሽ» አላሏትም። «እንዴት ከረሙ» አላሏትም። «ተከረመ»!

እኔ እዚያው ደርቄ ቀረሁ። ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ እኔም ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ። «እንዴት ተዋለ?»፣ «እንዴት ተሰነበተ?» የሚጠሩትን ሰው ከፍ ማድረግም ዝቅ ማድረግም ሲከብድ አማርኛ ይህን በር ክፍት ትቶልናል። ማንም ሳይከርም «ይከረማል»። ሰውዬው ሴትዮዋን የት እንደሚያስቀምጧት እስኪያውቁ ድረስ እዚያ ቃል ውስጥ ቆሙ። እትዬ አስካለም የሚቆሙት እዚያ ነው።

ስልኬን አውጥቼ ጻፍኩት። በዓሉን አልተከታተልኩም ማለት ይቻላል።

ጥር 13

መጨረሻውን ጻፍኩ። የበሩ ትዕይንት አሁን እንዲህ ነው፦

«ይግቡ» አሉ። ደብሪቱ አልገባችም። ነጠላዋን ከግንባሯ ገፋ አደረገችው። እትዬ አስካለ እጃቸውን በመቀነታቸው ጠረጉ።
«እንዴት ተከረመ?» አሉ።
«ይመስገን፣ እትዬ።»

«አወቋት» የሚል ቃል አላስገባሁም። አያስፈልግም። ከ«ይግቡ» ወደ «ተከረመ» ሲያልፉ አንባቢው ያውቃል። «በድንጋጤ»፣ «እያመነቱ» የሚሉትንም አወጣኋቸው።

ከዚያ በኋላ ሙሉ ትዕይንቱን፣ ሽሮውንም በርጩማውንም ጨምሮ፣ እትዬ አስካለ በዚሁ መንገድ እንዲሄዱ አደረግኩ። «ቡና ይፈላ?»፣ «ሽሮ ይቀርባል»፣ «እዚያ ምን ይሠራ ነበር?» ስድስት ገጽ ሙሉ «አንቺ»ም «እርስዎ»ም አይሉም። ከባድ ሥራ ነበር። ሦስት ቦታ ላይ አልሆን ሲለኝ ጥያቄውን አውጥቼ ምልክት አደረግኩት፤ በአገጫቸው ጠቆሙ። ደብሪቱ ታስተውላለች፣ አንባቢውም ቀስ በቀስ ያስተውላል።

ጥር 15

አምስተኛው እንጀራ። እትዬ አስካለ ወሬ ይዟቸው ክዳኑ ቆየ። ዛሬ ያለቀው መጨረሻ ይኸው ነው፦

የተቃጠለ ሸተተ። እትዬ አስካለ ዘለው ተነሱ። አክንባሎውን በአንድ እጃቸው አነሱት፤ እንፋሎቱ ፊታቸውን ሸፈነው።
«ማሰሻውን አቀብዪኝ!» አሉ።
ማሰሻው ምጣዱ ግራ በኩል፣ ሚስማሩ ላይ ነበር። ደብሪቱ ሳታይ እጇን ዘረጋች።

የመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ደብሪቱ ከዚህ በኋላ ፈገግ ትል ነበር። ሁለተኛው ላይ እትዬ አስካለ ይደነግጡና «ይቅርታ» ይሉ ነበር። ሁለቱንም አወጣኋቸው። ፈገግታው «አቀብዪኝ»ን ፍቅር ብቻ ያደርገዋል። ይቅርታው ትዕዛዝ ብቻ ያደርገዋል። ሁለቱም ነው።

«ሳታይ» የምትለዋ ቃል ላይ ግን አንድ ነገር ያሳስበኛል። ቤቱ አዲስ ነው፤ ጉለሌ የነበረው ኩሽና አይደለም። ማሰሻው እዚያው ግራ በኩል መሆኑን በምን አወቀች? እትዬ አስካለ በየሄዱበት በአንድ ቦታ እንደሚሰቅሉት አንባቢው ቀድሞ ማወቅ አለበት። ገጽ 2 ላይ፣ ደብሪቱ ልጅ ሳለች፣ ሚስማሩን የምትመታው እሷ ትሁን። ነገ እሱን ጽፌ፣ በንጹሕ ገልብጬ፣ ለእማማ አነብላቸዋለሁ።